ዘይቱን ለጊዜው አቆዩልኝ፦ ስለ ጆሮ "መላላት" ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳንጨርስ "ዘይቱ ምን ያህል ለብ ማለት አለበት?" አለችኝ። የምን ዘይት ነው አልኳት። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ስለተለጠፈ ጽሑፍ ነገረችኝ። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ ሰባ ዓመት አልፏታል። ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ መስማት እየቸገራት ነው። ጽሑፉ ደግሞ መፍትሔው ወጥ ቤት ውስጥ እንዳለ ይናገራል።

ፈልጌ አነበብኩት። በዚያው ቀን ከሌሎች ሦስት ሰዎችም ደረሰኝ። እኔ የሕክምና ተማሪዎችን አናቶሚ አስተምራለሁ። ከማስተምረው ሁሉ መካከለኛውን ጆሮ የምወደውን ያህል የምወደው ክፍል የለም። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። የጆሮ ትንንሽ አጥንቶች በሊጋመንት የታሰሩ ናቸው፤ ሊጋመንቱ እንደ ጉልበት በዕድሜ ስለሚላላ አረጋውያን መስማት ያቅታቸዋል። በአጥንቶቹ መካከል ያሉት መገጣጠሚያዎች ፈሳሽ አላቸው፤ ፈሳሹ ሲደርቅ አጥንቶቹ ስለሚፋተጉ ለብ ያለ ዘይት ጠብ ማድረግ ያለሰልሳቸዋል። ስንውጥና ስናዛጋ ጆሯችን ውስጥ "ጠቅ" የሚለው ከቦታው የወጣ አጥንት ሲመለስ ነው። ጆሮ ውስጥ ያሉ ሁለት ጡንቻዎች ከከፍተኛ ድምፅ ስለሚጠብቁን ጆሮን በልምምድ ማጠንከር ይቻላል። በመጨረሻም መዶሻ የሚባለው አጥንት ከመንጋጋ ጋር በሊጋመንት ስለተያያዘ፣ መንጋጋን በማሸት የጆሮን አጥንቶች ማስተካከል ይቻላል።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ያስታውቃል። ስለ አረጋውያን ይጨነቃሉ። "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" ተብለው የሚተዉ እናቶችና አባቶች እንዳሉ ያስታውሱናል፤ እውነት ነው። ከሚጠቅሷቸው የሰውነት ክፍሎች አብዛኞቹም በእርግጥ አሉ። ችግሩ ያለው ከዚያ ተነስተው በሚደርሱበት መደምደሚያ ላይ ነው።

አንድ ቃል ላጥራ። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሁሉንም "ጅማት" እንላለን። እዚህ ልዩነቱ ያስፈልገናል። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውን ሊጋመንት፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን ጅማት እላለሁ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የሞላበት ትንሽ ክፍል አለ። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው የሚይዘው። እዚያ ሦስት አጥንቶች ተያይዘው ይገኛሉ፤ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ። መዶሻው በእጀታው ታምቡሩ ላይ ተጣብቋል። እርካቡ በመርገጫው ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚያስገባውን ሞላላ መስኮት ደፍኗል። መስፉ በሁለቱ መካከል ነው። መዶሻውን ሦስት ዋና ዋና ሊጋመንቶች ይይዙታል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከላይ ከክፍሉ ጣሪያ። መስፉን አጭሩ እግሩ ላይ ከኋላ የሚይዘው አለ። ከላይም አለው ይባላል፤ ይሄኛው ግን ብዙ ሰው ላይ ከስስ ሽፋን እጥፋት ብዙም አይበልጥም። እርካቡ ደግሞ በመርገጫው ዙሪያ እንደ ቀለበት የከበበው ሊጋመንት አለው። መገጣጠሚያዎቹም ሦስት ናቸው። በመዶሻና በመስፍ መካከል ያለው ኮርቻ መሰል ነው። በመስፍና በእርካብ መካከል ያለው ኳስና ጎድጓዳ ይመስላል። ሦስተኛው ያ ቀለበት ራሱ ነው። ኮርቻውም እርካቡም እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ መኖራቸው እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

እንግዲህ ሊጋመንቱ ላላ ወደተባለው እንሂድ። ጉልበት ላይ የሊጋመንት ሥራ አጥንት ከቦታው እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። መላ ክብደታችንን ተሸክመን እንዞራለን፣ እንሮጣለን፣ ደረጃ እንወጣለን። ያ ሊጋመንት ሲላላ ጉልበት ይከዳል። ጆሮ ውስጥ ግን የሚሸከሙት ክብደት የለም ማለት ይቻላል። እርካቡ ከፍታው 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 3 ሚሊግራም ገደማ ነው። እነዚህ ሊጋመንቶች አጥንቶቹን አየር ላይ አንጠልጥለው ይይዛሉ፤ የዥዋዥዌ ገመድ እንደሚይዘው። ከመዶሻው የፊት ሊጋመንት እስከ መስፉ የኋላ ሊጋመንት በሐሳብ መስመር ብንዘረጋ፣ ወፍራም ድምፆች ሲመጡ ሁለቱ አጥንቶች በዚያ መስመር ዙሪያ አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ቀጫጭን ድምፆች ላይ እንቅስቃሴው የበለጠ ይወሳሰባል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ድምፅ የሚመጣው በአየር ነው፤ ውስጠኛው ጆሮ ግን ፈሳሽ የሞላበት ነው። በአየር የመጣ ድምፅ በቀጥታ ፈሳሽ ላይ ቢያርፍ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው ጉልበቱ ተመልሶ ይነጥራል። ዋና ስንዋኝ ውሃ ውስጥ ጠልቀን ዳር ላይ የቆሙትን ሰዎች የማንሰማው ለዚህ ነው። መካከለኛው ጆሮ ይህን ያካክሳል። ታምቡሩ ድምፅ የሚቀበልበት ስፋት ከእርካቡ መርገጫ 17 እጥፍ ያህል ይበልጣል። አጥንቶቹ ደግሞ እንደ ማንሻ 1.3 ጊዜ ያህል ይጨምራሉ። ሁለቱ ሲባዙ ግፊቱ 22 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህ እንዲሆን አጥንቶቹ በነፃነት መንቀሳቀስ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ሐኪም በእነዚህ ሊጋመንቶች ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው መገተርን ነው።

ኦቶስክለሮሲስ የሚባለውን በሽታ ውሰዱ። በሞላላው መስኮት ዙሪያ ያለው አጥንት ያለ አግባቡ ያድግና እርካቡን ከዳሩ ጋር ያጣብቀዋል። ብዙ ጊዜ በወጣትነት ወይም በጎልማሳነት ይጀምራል፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆን ሺ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የተጣበቀውን እርካብ ከነጭራሹ አወጡት። መስኮቱን ከደም ሥር በተወሰደ ስስ ሽፋን ሸፈኑት። በቴፍሎን የተሠራ ምትክ እርካብ አስገቡ። ታካሚዋ ሰማች። ዛሬም ይህ ቀዶ ሕክምና፣ አሠራሩ ተሻሽሎ፣ በዓለም ዙሪያ ይሠራል። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ የላላውን ሊያጠብቁ ይገባ ነበር። ያደረጉት ግን የታሰረውን መፍታት ነው።

በሙከራም ይታያል። ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ ጆሮ ላይ የመዶሻውን የላይ ወይም የፊት ሊጋመንት ቢቆርጡት ድምፅ ሲተላለፍ ብዙም ለውጥ አይመጣም። ያንኑ ሊጋመንት በማጣበቂያ ቢያገትሩት ግን በተለይ ወፍራም ድምፆች ላይ መተላለፉ ይቀንሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ማስረጃ ነው። በመስማት ምርመራ ድምፅ በሁለት መንገድ ይለካል። አንዱ በጆሮ በር በኩል በአየር፣ ሌላው ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት በኩል በንዝረት። በአጥንት የሚገባው ድምፅ በአብዛኛው ሦስቱን ትንንሽ አጥንቶች አልፎ በቀጥታ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ ጥፋቱ ከትንንሾቹ አጥንቶች ወይም ከሊጋመንታቸው ከሆነ በአየር የሚሰማው ይቀንሳል፣ በአጥንት የሚሰማው ደህና ይሆናል። በዕድሜ መስማት በቀነሰባቸው ሰዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ይህ አይደለም። ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ድካሙ ያለው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ኮክሊያ በሚባለው ድምፅ ተቀባይ የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ባሉት ፀጉር መሰል ሴሎች፣ በነርቩና እነሱን በሚመግበው ክፍል ላይ። ከእነዚህ ሴሎች በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ይዘን ነው የምንወለደው። የሞተው አይተካም። መጀመሪያ የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። አክስቴም የምትለው ይህንኑ ነው፤ "ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚሉት ግን አይገባኝም።" "ሰ"፣ "ፈ" እና "ተ" የሚሉት ድምፆች ቀጭን ናቸው። እነሱ ሲጠፉ ቃሉ ይጎድላል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሁለት ነገር እሰጣለሁ። መገጣጠሚያዎቹ በዕድሜ ይለወጣሉ ማለታቸው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአረጋውያንን የጆሮ መገጣጠሚያዎች በማይክሮስኮፕ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። ልም አጥንቱ ሲሳሳ፣ ካልሲየም ሲጠራቀም ታይቷል። ነገር ግን ያ ለውጥ የድምፅ መተላለፍን የሚያውክ ሆኖ አልተገኘም። ሁለተኛ፣ የእውነት መላቀቅም አለ። በመኪና አደጋ ወይም ጭንቅላት ላይ በደረሰ ከባድ ምት መስፍና እርካብ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ ሊለያይ ይችላል። ጆሮው ለዓመታት ሲመግል በኖረ ሰው ላይ ደግሞ ረጅሙ የመስፍ እግር ይበላል፤ ደም በደንብ የማይደርሰው ጫፍ ስለሆነ። ሰንሰለቱ ሲቋረጥ መስማት እስከ 60 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊቀንስ ይችላል። ይሄ ግን የአደጋና የበሽታ ጉዳት ነው። የሚጠገነውም በቀዶ ሕክምና ነው።

የዘይቱ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። መገጣጠሚያዎቹ ፈሳሽ አላቸው መባሉ ትክክል ነው። ከመዶሻ እስከ እርካብ ያሉት ሁለቱ መገጣጠሚያዎች እንደ ጉልበት ሽፋን አላቸው፣ ልም አጥንት አላቸው፣ የሚያለሰልስ ፈሳሽም አላቸው። ብዙ ሰው አጥንቶቹ ዝም ብለው የተጣበቁ ይመስለዋል። ጸሐፊው ይህን ማወቃቸው ደስ ብሎኛል።

ከጆሮ በር የተንጠባጠበ ዘይት ግን እዚያ አይደርስም። መንገዱን ታምቡሩ ዘግቶታል። ታምቡሩ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ዘይት አያሳልፍም። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለውስ? ያኔ ዘይቱ ወደ መካከለኛው ጆሮ ይገባል። ገብቶም መገጣጠሚያውን አያገኘውም፤ መገጣጠሚያው በራሱ ከረጢት የተሸፈነ ነው። የሚያገኘው የክፍሉን ስስ ሽፋን ነው። ከዘይቱም ጋር ጀርም ይገባል።

ይህን ከቤቴ አውቀዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ ልጅ ሳለ ጆሮው ይመግል ነበር። ከቤት ሰው አንዱ፣ በፍቅርና በጭንቀት፣ ለብ ያለ ዘይት አደረገለት። ታምቡሩ የተቀደደ መሆኑን ማንም አላወቀም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ። ፈሳሹ ከዚያ በኋላ ለወራት አልቆመም። ዛሬም በዚያ ጆሮው በደንብ አይሰማም። ዘይቱ ብቻውን ነው ያደረገው አልልም፤ ጆሮው ቀድሞም ታሞ ነበር። ግን ያንን ሌሊት አልረሳውም። ይህን ምላሽ የምጽፈውም በአብዛኛው ለዚያ ነው።

ደግሞም "ፈሳሽ በበዛ ቁጥር ይሻላል" የሚለው ለመካከለኛው ጆሮ አይሠራም። ሕፃናት ከጉንፋን በኋላ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምባቸዋል። ያኔ ነው የማይሰሙት። ቦታው አየር ይፈልጋል።

አጥንቶቹ "ይፋተጋሉ" የሚለውም መጠኑን የረሳ ነው። በተራ ንግግር ጊዜ የታምቡሩ እንቅስቃሴ የሚለካው በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ጊኒ ፒግ የሚባለውን እንስሳ ደግሞ አስቡ። መዶሻውና መስፉ አንድ ላይ ተዋሕደዋል። በመካከላቸው የሚለሰልስም የሚደርቅም መገጣጠሚያ የለም። ሆኖም በጣም ጥሩ ይሰማል፤ የጆሮ ተመራማሪዎችም ለዓመታት የሠሩበት እንስሳ ነው።

ታዲያ የእኛ መገጣጠሚያ ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ትልልቅ ሊቃውንትን ያከራከረ ነው። ሄርማን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1868 የመዶሻና የመስፍን መገጣጠሚያ በዘመኑ ከነበረ ጥርስ ካለው የሰዓት መሙያ ቁልፍ ጋር አመሳስሎት ነበር። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ይቆለፋል፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንሸራተታል አለ። ኋላ የተደረጉ ልኬቶች ነገሩ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ አሳዩ። ቀጫጭን ድምፆች ላይ መገጣጠሚያው ትንሽ ስለሚንሸራተት እንዲያውም ከድምፁ የተወሰነ ያጠፋል። ትርፉ ሌላ ቦታ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። የውጩ አየር እየከበደ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ግፊቱ ከበረታ መዶሻው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ በማያንስ ርቀት ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ከንግግር ንዝረት ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ነው። ያ ግፊት በሙሉ ወደ እርካቡ ቢያልፍ ውስጠኛው ጆሮ ይጎዳ ነበር። ኮርቻ መሰሉ መገጣጠሚያ እዚያ ላይ ይንሸራተትና እርካቡን የሚደርሰው እንቅስቃሴ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ይሆናል። በእያንዳንዱ ማስነጠስና ማስታወክም እንደዚሁ ይጠብቀናል።

ስለ ዘይት አንድ እውነት ልጨምር። "እኔ ሞክሬው ሠርቶልኛል" የሚሉትን ሰዎች አምናቸዋለሁ። የጆሮ ኩክ ደርቆ ቀዳዳውን ሲደፍን ሰው አይሰማም። ዘይት ኩክ ያለሰልሳል። ኩኩ ሲወጣ መስማት ይመለሳል። የተለሰለሰው ግን ኩኩ ነው፤ መገጣጠሚያው አይደለም። ታምቡሩ ደህና መሆኑ ሳይታወቅ፣ ወይም ጆሮው እያመመ ወይም እየፈሰሰ፣ ምንም ነገር ጠብ አታድርጉበት። ዘይቱ ከሞቀ ያቃጥላል፣ ከቀዘቀዘም ያዞራል።

"ጠቅ" ስለሚለው ድምፅ ብዙ አልቆይም። ከመካከለኛው ጆሮ ወደ አፍንጫ ጀርባ የሚሄድ ቱቦ አለ፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሊቅ በባርቶሎሜዎ ዩስታኪ ስም ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ስንውጥና ስናዛጋ የላንቃ ጡንቻ ይከፍተዋል፤ አየር ይገባል ወይም ይወጣል። የምንሰማው እሱን ነው። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ማስቲካ ወይም ቆሎ የሚረዳን አስር ጊዜ ስለሚያስውጠን ነው። ከቦታው የወጣ አጥንት የለም። የጆሮ አጥንት የእውነት ቢለያይ በማዛጋት አይመለስም።

ወደ ጡንቻዎቹ ልለፍ። ሁለት መሆናቸው ልክ ነው። አንዱ በጅማቱ መዶሻውን ወደ ውስጥ ይስባል። ሌላው የእርካቡን አንገት የሚይዘው ነው፤ ከሰውነታችን የአጥንት ጡንቻዎች ሁሉ ትንሹ። ከፍተኛ ድምፅ ሲመጣ የእርካቡ ጡንቻ ይኮማተርና ሰንሰለቱን ያገትራል። ጥቅም እንዳለው የሚታየው ሲጠፋ ነው። የፊት ነርቩ ሽባ የሆነበት ሰው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል የሳህን ኳኳታ እንኳን ይሻክረዋል። ይህንን ጡንቻ የሚያዘው ያው የፊት ነርቭ ነውና። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ከዚያ በኋላ ግን እንለያያለን። ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እስኪኮማተር የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጃል። የጥይት ድምፅ ከዚያ በፊት ገብቶ አልቋል። ደግሞም በዋናነት የሚቀንሰው ወፍራም ድምፆችን ነው፤ ድምፁ ከቀጠለም ይደክማል። በድምፅ የሚጎዱት ፀጉር መሰል ሴሎች በአብዛኛው የቀጫጭኖቹ መሆናቸውን አስታውሱ። "ልምምድ" ተብሎ ድምፅ ከፍ አድርጎ ማዳመጥ እነዚያን ሴሎች ብቻ ነው የሚገድላቸው። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤት ለሃያ ዓመት የሠሩ ሰዎችን ጠይቁ። ልምምድ ቢያጠነክር ኖሮ ከሁላችን የበለጠ ይሰሙ ነበር። በሥራ ቦታ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚለው ገደብ የወጣው ጡንቻው በቂ ስላልሆነ ነው።

የመንጋጋው ነጥብ ሳይንሱ ከሁሉ የሚያምረው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ትልቅ እውነት ነክተዋል። የመዶሻው የፊት ሊጋመንት በአጥንት ስንጥቅ በኩል አልፎ ወደ መንጋጋ አካባቢ ይሄዳል። ከውስጥ በኩል መንጋጋን ከራስ ቅል ጋር ከሚያያይዘው ሊጋመንት ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ፅንስ ላይ ከአንድ ልም አጥንት ዙሪያ የተገኙ ናቸው። ይህ ልም አጥንት ዘንግ መስሎ ከታችኛው መንጋጋ እስከ ጆሮ ይዘረጋል። የኋላ ጫፉ መዶሻ ይሆናል። የቀረው በአብዛኛው ይጠፋና ሊጋመንት ትቶ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1837 ካርል ራይኸርት የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ከዚህ ተነስቶ አስገራሚ ነገር አሳየ። የእኛ መዶሻና መስፍ በእንሽላሊትና በመሳሰሉት ላይ የመንጋጋ መገጣጠሚያ የሚሠሩት አጥንቶች ናቸው። ማለትም ጆሯችን ውስጥ ያለው ኮርቻ መሰል መገጣጠሚያ ጥንት የመንጋጋ መገጣጠሚያ ነበር። የዛሬ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የኖሩ ትንንሽ እንስሳት ቅሪት ላይ አሮጌውና አዲሱ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ጎን ለጎን ይታያሉ። ኦፖሰም የሚባለው እንስሳ ግልገል ሲወለድ እነዚህ አጥንቶች ገና ከመንጋጋው አልተላቀቁም። ወፎችና እንሽላሊቶች በመካከለኛው ጆሯቸው ድምፅ የሚያስተላልፉት በአንድ አጥንት ብቻ ነው። ይህን ትምህርት ለተማሪዎች ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እንግዲህ ግንኙነቱ አለ። ማሸት ግን መዶሻውን አያስተካክለውም። ሊጋመንቱ ስንጥቁን ሲያልፍ አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፤ ከውጭ የመጣው መሳብ እዚያው በአብዛኛው ይቆማል። መዶሻው ደግሞ እጀታው በሙሉ ታምቡሩ ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ከቦታው አልሄደም። ቢሆንም መንጋጋ ታሽቶ የጆሮ ሕመም የሚቀልላቸው ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ነርቭ ነው። የመንጋጋ መገጣጠሚያንና የጆሮን በር የሚያገለግለው አንድ ነርቭ ስለሆነ የመንጋጋ ሕመም ጆሮ ላይ ይሰማል። ጥርስ የሚያፋጭ ሰው "ጆሮዬን አመመኝ" የሚለው ለዚህ ነው። ለሕመሙ ማሸት ሊረዳ ይችላል። ለመስማት አይደለም።

ቅዳሜ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ለትምህርት የምጠቀምበትን ቱኒንግ ፎርክ፣ ሲመቱት የሚዘምረውን ባለሁለት ጣት ብረት፣ ይዤ ነበር። መትቼ እግሩን ከጆሮዋ ጀርባ አጥንቱ ላይ አስቀመጥኩት። "ሲጠፋ ንገሪኝ" አልኳት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። "ጠፋ" አለች። ወዲያው አንስቼ ጆሮዋ በር ላይ ያዝኩት። "እንዴ፣ አሁንም አለ እኮ ልጄ!" አለች። በሁለተኛው ጆሮዋም እንደዚያው ሆነ። አጥንቶቹ፣ ሊጋመንቶቹና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ጉልህ እክል ቢኖር ኖሮ በተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ከጆሮ ጀርባ የተሻለ ትሰማ ነበር። ብረቱ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የሙሉ ምርመራን ቦታ አይተካም። ግን ለአክስቴ ልጅ በቂ መልስ ሆነላት። ዘይቱን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዘንላታል። ኩክ ካለም እዚያው አይተው ያወጡታል፤ የመስሚያ መሣሪያ የሚያስፈልጋት ከሆነም ከልኬቱ በኋላ ይታወቃል።